280 ፓውንድ ያስከፈለኝ ወፍራም ጠርዝ

ይሄን ነገር አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ 280 ፓውንድ በኪሴ ትቀር ነበር። ስላልነገሩኝ እኔ ልጻፈው። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ወይም ዱባይና ሻርጃ ከህንድና ከፓኪስታን ልጆች ጋር የምትሠሩ፣ "እሁድ ና ክሪኬት እንጫወት" የተባላችሁ ካላችሁ፣ ዱላ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።

ያለሁት ሌስተር ነው። መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከፈረቃችን ግማሹ ጉጃራቲ፣ የምዕራብ ህንድ ሰው ነው። ክለብ መግባት ምንም ጣጣ የለውም። መዋጮ ከፈልኩ፣ የእግር መከላከያ ተዋስኩ፣ ጓንትና ሄልሜት ገዛሁ፣ በቃ። ሄልሜት ላይ ግን አትሰስቱ፤ ኳሷ 160 ግራም ገደማ ናት፣ ቆዳ የለበሰች ድንጋይ በሏት።

ጣጣው የመጣው ዱላ ልገዛ የሄድኩ ቀን ነው።

ሱቁ ግድግዳው ሙሉ ዱላ ነው። ሻጩ ትሁት ልጅ ነበር፣ ግን ይቸኩላል። መጀመሪያ ቁመቴን ጠየቀኝና ሰንጠረዥ አሳየኝ፣ "አንተ ረጅም ስለሆንክ ረጅም እጀታ ነው የሚሆንህ" አለኝ። ከዚያ አንዱን አወረደልኝ። ጠርዙ፣ ማለትም የዱላው የጎኑ ውፍረት፣ ሁለት ጣት ሙሉ ይሆናል። "ሕጉ የሚፈቅደው 40 ሚሊሜትር ነው፣ ይሄ 39 ነው" አለኝ። ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ 1.19 ኪሎ። በእንጨት መዶሻ ሲመታው ደስ የሚል ድምፅ አወጣ። ላዩ ላይ ደግሞ "ለጨዋታ ዝግጁ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በሁለት እጄ ሦስት ጊዜ አወዛወዝኩት። ታች ላይ የተከማቸው ክብደት ዱላውን ራሱ እየጎተተ ይወስደዋል፣ በጣም ደስ አለኝ። ከፈልኩና ወጣሁ።

ለምን ደስ እንዳለኝ የገባኝ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ገና ተጫውቻለሁ። የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፣ ክብደቱ እታች ነው፣ ሩሯ ደግሞ መሬት ለመሬት ነው የምትመጣው። ከታች ጠርገህ ትመታታለህ። እጄ የሚያውቀው ያንን ነበር። የሚገርመው፣ የክሪኬት ዱላም ድሮ እንደዚያው ቆልማማ ነበር። ለንደን ኦቫል ስታዲየም ውስጥ የተቀመጠው የ1729 ዱላ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ሁሉንም በዚያ ነው የምጽፈው) ከገና ዱላ ብዙም አይርቅም። ያኔ ኳሷን መሬት ላይ ነበር የሚያንከባልሏት። ወርዋሪዎቹ ኳሷን አንጥረው መወርወር ሲጀምሩ ነው ዱላው ቀጥ ያለው። ነጥራ ለምትመጣ ኳስ ዱላው ከፍ ብሎ መጠበቅ አለበት። የጫፉ ክብደት እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል።

ሱቁ ውስጥ ማንም ያላስረዳኝ ነገር ይሄ ነው፦ የድሮው ዱላ ጀርባው ሞላ ብሎ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይወርዳል፣ ጠርዙ 20 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ክብደቱም ከላይ እስከ ታች ተከፋፍሏል። የዘመኑ ዱላ ሌላ ነው። እንጨቱ አኻያ ነው፣ ወንዝ ዳር የምናውቀው የአኻያ ዘመድ። አሁን በደንብ ያደርቁታል፣ ሲጨምቁትም ብዙ አይጫኑትም፣ ስለዚህ በዚያው ክብደት ገዘፍ ያለ ዱላ ይወጣቸዋል። ከዚያ በጀርባው አከርካሪና በጠርዙ መሃል ያለውን ጎድጎድ አድርገው ይፈለፍሉና ያተረፉትን ለጠርዙ ይሰጡታል።

ጥቅም የለውም አልልም። ጠርዙ ሲወፍር ኳሷ ከመሃል ወጣ ብላ ብታርፍም ዱላው እጅህ ላይ አይዞርም። ያላማረ ምት እንኳ ርቆ መሄድ ስለጀመረ ነው በ2017 የጠርዝ ውፍረት 40፣ የጀርባ ውፍረት 67 ሚሊሜትር ላይ በሕግ የተገደበው። ግን ክብደቱ የት ነው ያለው የሚለውን ሱቁ ውስጥ ማንም አልለካልኝም። ወረቀቱ ላይም አይጻፍም። ለእኔ ዓይነት ጀማሪ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። በጣም ያናድደኛል።

ሚያዝያ ላይ ጨዋታ ተጀመረ። ብርድ ነው፣ ሜዳው እርጥብ ነው። ዱላውን አነሳለሁ፣ ሲወርድ ይዘገያል። ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው የሚደርሰው። ቀኝ እጄ ልጎትተው ሲል ግራው ይለቃል፣ ኳሷ ወደ ሰማይ ትወጣለች፣ መሬት ሳትነካ ይይዟታል፣ በቃ ከጨዋታ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 2 ነጥብ፣ ሁለተኛው 0። ልምምድ አነሰኝ ብዬ ማታ ማታ ጓሮ ውስጥ መቶ ጊዜ አወዛውዛለሁ። ክንዴ አበጠ።

በሦስተኛው ጨዋታ አንዱ ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን እግሬ ሥር ጣላት። ዘግይቼ ደረስኩ፣ የዱላው የታችኛው ጫፍ ነው ያገኛት። "ቀጭ" አለ። ሳገላብጠው ከታች ወደ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው!

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሌላ ሰውዬ ነው ያናገረኝ። "ስንት ሰዓት ቀጠቀጥከው?" አለኝ። አዲስ ዱላ ከጨዋታ በፊት እንጨቱ እንዲጠነክር ለሰዓታት በመዶሻ ይመታል ለካ። ወረቀቱን አሳየሁት፣ "ለጨዋታ ዝግጁ" ይላል። "እሱ ማሽኑ ነው፣ ከዚያም በላይ ስድስት ሰዓት ያህል በመዶሻ መቀጥቀጥ ነበረብህ፣ ደግሞ እግር ሥር የመጣ ኳስ ዋስትና ውስጥ አይገባም" አለ። ታዲያ ዝግጁ ካልሆነ ለምን ዝግጁ ነው ብላችሁ ትለጥፋላችሁ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሥራ አስኪያጅ ይምጣ አልኩ፣ የለም። ኢሜይል ጻፍኩ፣ ከ11 ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሰውዬው ያለኝን ቃል በቃል የደገመ ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ደግሞ በራሴም እናደዳለሁ፣ ክለቡ ውስጥ 40 ዓመት የተጫወቱ ሰዎች እያሉ አንዱን ይዤ አለመሄዴ።

ካዳኑኝ ሰዎች አንዱ አንክል ናቸው። ሁላችንም አንክል ነው የምንላቸው። በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን ከኡጋንዳ ሲያባርር ልጅ ሆነው ከመጡት ናቸው። የተሰነጠቀውን አዩና ምንም አላሉኝም፤ ከመኪናቸው በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ዱላ አምጥተው "እስክትገዛ በዚህ ተጫወት" አሉኝ። ቡናማ ሆኗል፣ ፊቱ ላይ የኳስ ስፌት ምልክት ሞልቷል፣ ጠርዙ አንድ ጣት አይሞላም። ሳነሳው ላባ ነው።

ማታ ሁለቱንም ዱቄት በምንመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። የእኔ 1,190 ግራም። የአንክል 1,210። የከበደው የእሳቸው ነው! ግን እጅ ላይ ሲነሳ የሚቀለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ እጅ ቀረብ ይላል። ሚዛን ያንን አይነግርህም።

በሚቀጥለው እሁድ 19 ነጥብ አገባሁ። መሃሉን ስታ ጠርዙን የነካችው ኳስ እጄን እስከ ክርኔ ነዝራኛለች፣ ይሄ እውነት ነው፣ ቀጭን ጠርዝ ይቅርታ አያውቅም። ግን መሃሉን ሳገኛት እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ኳሷ ብቻ ሄደች። ደቡብ አፍሪካዊው ባሪ ሪቻርድስ በ1970 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ በአንድ ቀን 325 ያገባው በዚህ ዓይነት ቀጭን ዱላ ነው።

ሐምሌ ላይ ከአንድ ጠራቢ ጀርባው ያልተፈለፈለ፣ ጠርዙ 28 የሆነ፣ 1.13 ኪሎ ዱላ በ190 ፓውንድ አሠራሁ። እጀታው አጭር ነው፣ ሰንጠረዡ ምንም ቢል ለእኔ አጭሩ ነው የተመቸኝ። ወረቀቱን ሳላይ በየማታው ሩብ ሰዓት እየቀጠቀጥኩ ስድስት ሰዓት ሞላሁ፤ ጠርዙን በሰያፍ፣ የታችኛውን ጫፍ ግን ፈጽሞ አልነካሁትም። ጥሬ የተልባ ዘይት ደግሞ አንዴ ብቻ፣ ስስ አድርጌ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ የሚል መመሪያ አለ፣ እኔ አልስማማም፤ ዘይት የጠገበ ዱላ ይከብዳል፣ ድምፁም ይሞታል።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጣ የአገራችን ልጅ ዱላ ልገዛ ነው ሲለኝ አብሬው ሄድኩ። ያው ሱቅ ነው። ሻጩ ወፍራም ጠርዝ ያለውን አወረደለት፣ ልጁ ዓይኑ በራ። "እጀታውን ከላይ በሚይዘው እጅህ ብቻ ያዘው፣ እስከ ወገብህ አሥር ጊዜ አንሳው" አልኩት። ስድስተኛው ላይ ክንዱ ወረደ። ሻጩ ዝም ብሎ ያየናል። ተቀብዬው ወደ ቦታው መልሼ ሰቀልኩት።