በቴሌግራም የመጡት አያት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለችውን ፎቶ ቤታችንን ማታ ልንዘጋ ስንል ነው አንድ ደንበኛ የመጣው። «አቦ፣ አያቴን አሳድግልኝ፤ ነገ ሠልስት ነው» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። 30 በ40 ሴንቲ፣ ከነፍሬሙ።

ስልኩ ላይ ሴት አያቱ ጥርት ብለው ይታያሉ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው 960 በ1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) ብቻ! ከሐረር በቴሌግራም የተላከ ነው፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጨምቆ ያሳንሰዋል። 30 ሴንቲ 11.8 ኢንች ነው፤ 960ን ብታካፍሉለት በኢንች 81 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ 300 እንፈልጋለን፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል እኔ 200ም ይበቃኛል። በ81 ግን የነጠላው ጥለት ጭቃ ነው የሚሆነው።

«300 ብለህ ጻፍበታ!» አለኝ። ሥራ ስጀምር እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ፎቶሾፕ ላይ «ሪሳምፕል» የሚለውን ምልክት አጥፍታችሁ 300 ብትጽፉ፣ ፎቶው ወደ 8 ሴንቲ ስፋት ይወርዳል እንጂ አይጠራም። ሳታጠፉ ከጻፋችሁ ደግሞ ፕሮግራሙ የሌለውን ፒክስል ከጎረቤቱ እየገመተ ይሞላል። አንዷን ሙሽራ በዚህ መንገድ አሳድጌ ፊቷን ሰም አስመስዬዋለሁ። ብሯን መለስኩ፤ የተናገረችኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

«ማን ነው ያነሳቸው?» አልኩት። የአክስቱ ልጅ ናት፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ። ደወለላት፤ ዋናው ፎቶ ስልኳ ላይ አለ። «እንደ ፋይል ላኪው በላት» አልኩ። ሁለት ጊዜ ያንኑ ትንሹን ላከችልን። በሦስተኛው 3000 በ4000 መጣ፤ በኢንች 254! 3 ለ4 ስለሆነም ከ30 በ40 ጋር ልክክ አለ፤ ከሻሻቸው ጫፍ እንኳ የሚቆረጥ አልነበረም።

ትልቁን ከማተሜ በፊት ትንሽ ናሙና አወጣሁ። አይቶ ፊቱ ተለወጠ፦ «አያቴ እኮ ቀይ ናት፤ ጠቆረችብኝ።» እውነቱን ነው። ስክሪን ከውስጥ ያበራል፣ ወረቀት የክፍሉን መብራት ነው የሚመልሰው፤ እኔ ደግሞ በድሬ ፀሐይ ምክንያት የስክሪኑን ብርሃን ጣሪያ አድርሼው ነው የምውለው። ብርሃኑን ቀነስኩ፤ ከዓይናቸውና ከአንገታቸው ሥር ያለውን ጥላ ትንሽ ከፈትኩና ሁለተኛ ናሙና አተምኩ።

ምንም አላለም። ሒሳቡን መቁጠር ጀመረ።