አንደኛውን ዘፈን ስለቅ

ለ18 ዓመት ቅዳሜ ከሰዓት የት እንዳለሁ ጅማ ያውቅ ነበር። የሬዲዮ ስቱዲዮ ገብቼ ከአስረኛ እስከ አንደኛ እየቆጠርኩ የሳምንቱን ዘፈኖች አሰማለሁ። ዘንድሮ 60 ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ፤ ነገ ተራው የሚደርሰው ሰው ይኖራል።

አጀማመሬ ስህተት ነበር። አንድ ቅዳሜ አንደኛውን ዘፈን አሰማሁና "ከሁለት ሳምንት በኋላ እሰናበታችኋለሁ" ብዬ ወጣሁ። በቃ፣ ይህችን ብቻ። የስቱዲዮው ስልክ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ። ከአጋሮ የደወሉ አንዲት እናት "ምነው ልጄ፣ ታመህ ነው?" አሉኝ። የተባረርኩ መስሎት የተቆጣም ነበር። ቅዳሜውን ለ18 ዓመት የሰጠኝን ሰው እንዲህ ዱብ ዕዳ ማውረድ አልነበረብኝም። ሰኞ አለቃዬ ጋ ገብቼ ሦስት ወር ለመንኩ።

በዚያ ሰሞን አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰው ኬሲ ኬሰም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። "አሜሪካን ቶፕ 40" የተባለውን የዘፈን ደረጃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1970 የጀመረው እሱ ነው። ያኔ ፕሮግራሙ በሸክላ እየታተመ ለየጣቢያው ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ወንበሩን ለራያን ሲክረስት ለቀቀ። ሌሎቹን የደረጃ ፕሮግራሞቹን ደግሞ እስከ ጁላይ 2009 ይዞ ቆየ። ዋናውን ፕሮግራም ገና ድምፁ ሳይደክም ለወጣት መስጠቱ ልቤን ነካው።

ለእሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደረጃው ቢልቦርድ ከሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ነበር የሚመጣው። እኛ ግን የአድማጩን ድምፅ ቆጣሪዎቹ ራሳችን ነን። በፊት በደብዳቤ፣ ቀጥሎ በስልክ፣ አሁን በቴሌግራም። ስለዚህ ለተተኪዬ ከማይኩ በፊት የቆጠራውን ደብተር ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ወር ስትቆጥር ከረመች። ከአንድ ስልክ አንድ ድምፅ። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ ደብተር። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ዘፋኝ ወዳጅ መጥቶ "አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጉልን" አለ።

"ጋሼ፣ ምን ልበለው?"

"ደብተሩን አሳዪው" አልኳት።

አሳየችው። ሰውየው ቆጠራውን በጣቱ እየተከተለ አይቶ ሄደ። ያን ቀን እንቅልፍ በደንብ ወሰደኝ።

በሁለተኛው ወር ከአስረኛ እስከ ስድስተኛ አቀረበች። በሦስተኛው እስከ ሁለተኛ ደረሰች። አንደኛውን ግን አልሰጠኋትም፤ እውነቱን ለመናገር አሳሳኝ። ከእኔ ጋር ያረጀው ቴክኒሻናችን ነው የነገረኝ። "ጋሼ፣ አንደኛውን ካልሰጧት ምንም አልሰጧትም።" ልክ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንደኛውን እሷ ተናገረች።

ደብተር ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ነገርም ነበረኝ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮ ቢጮህም አይሰማም። መጀመሪያ አካባቢ ሰው እየደወለ "አምስተኛው ማን ነበር? ዝናብ በላብን" ሲል ይሰለቸኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ደቅነው አምልጧቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዘነበ ማለት ደረጃውን ሁለቴ ማንበብ ነው። መስኮቱን አይቶ መግባት ነው። ይህን ለልጅቷ የነገርኳት በመጨረሻው ቀን፣ ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። ብዙ ነገር አስተምሬ ይህን ለመጨረሻ ማቆየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስንብቱ ላይ ብዙ አላወራሁም። አድማጮችን አመሰገንኩ፣ ስሟን ጠርቼ ማይኩን ለቀቅኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ሂርማታ ገበያ ወጣሁ። ዝናቡ መጣና አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተጠለልኩ። ሬዲዮው ተከፍቷል። ሰባተኛው ላይ ዝናቡ ዋጠው፤ ሰፊው መኪናውን አቁሞ አንገቱን አሰገገ። እኔም እጄን ጨብጬ ጠበቅኩ። ዘፈኑ አለቀ። ልጅቷ ከአስረኛው ጀምራ እንደገና አነበበች።