ሁለት ጾም በአንድ ወጥ ቤት

በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴም ረመዳንም የገቡት በአንድ ሰኞ ነው፤ መጋቢት 2። የሁዳዴ መግቢያ ከየካቲት 1 በታች አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 በላይም አይወጣም። ረመዳን ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። የሁለቱ በአንድ ቀን መግባት በወሎ የየቡናው ወሬ ነበር። እኔ ደግሞ በደሴ አቅራቢያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወንዶች ማደሪያ ፕሮክተር ስለነበርኩ ወሬውን የሰማሁት ከሥራ ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ነው። አዳሪ ቤቱ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት በመሆኑ "አምናስ እንዴት ነበር?" ብለን የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

የፈራነው ምግቡን ነበር፤ ምግቡ ግን ከሁሉም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫና ጎመን በየትኛውም ሃይማኖት የሚከለከል ነገር የለበትም። ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ከግዢው ወጡ፤ የሥጋው ነገር ሲነሳ የሚመጣው "ማን ባረደው?" የሚል ጥያቄም አብሮ ወጣ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ከተረፈው ገንዘብ ለማፍጠሪያ የሚሆን ቴምርና ለሾርባ የሚሆን አጃ አስገዛች። እራት ወደ 12 ሰዓት ከ40 ስለተገፋ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያፈጥረውም፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ቀማምሶ የዋለውም አንድ ገበታ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቴምሩ የጾም ነውና ክርስቲያኖቹም እጃቸውን ይዘረጉበት ጀመር። የግምጃ ቤቷ ሴትዮ በዚህ ትንሽ ማጉረምረሟ አልቀረም፤ ሂሳቧ የተሠራው ለግማሹ ተማሪ ነበራ!

ችግር የመጣው ማንም ባላሰበው በኩል፣ በጨው ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ክርስቲያን፣ ረዳቷ ሙስሊም ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ጾም፣ ከዚያም በየረቡዑና በየዓርቡ፣ የምሳውን ወጥ የምትቀምሰው ረዳቷ ነበረች፤ ዋናዋ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። አሁን ግን ጠዋት ከድስቱ ፊት የቆሙት ሁለቱም ጾመኞች ናቸው። የሌሊቱ ሱሁርና የማታው እራት ችግር አልነበረባቸውም፤ ሌሊት ሁለቱም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዋናዋ ይቀምሳሉ። ምሳው ግን ቀማሽ አጣ። ረዳቷ "ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ፤ እኔ ግን ልቤ አይቀበለውም" አለች። በዘወረደ፣ በሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንት፣ አንድ ቀን ሁለቱም አንዳቸው ለሌላዋ ሳይናገሩ ሽሮው ላይ ጨው ጨመሩ። የዚያን ዕለት ምሳ የበላ ልጅ ሁሉ እስኪመሽ ከቧንቧው ሥር አልጠፋም።

መፍትሔው የተገኘው ከጊቢው በር ላይ ነው። ዘበኛችን መድኃኒት የሚወስዱት ከምግብ ጋር በመሆኑ የንስሓ አባታቸው በዚያ ዓመት እንዳይጾሙ ፈቅደውላቸዋል። ዋናዋ ወጥ ሠሪ በማንኪያ ይዛ ሄደች። "ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ።" ጋሼ ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ቀመሱ። "ጨውስ ደህና ነው፤ በርበሬው ነው የሰነፈው።" ከዚያን ቀን በኋላ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ማንኪያ በሩ ድረስ ይሄድ ጀመር። ቆይቶ ማንኪያው ቀረና በምትኩ ግማሽ እንጀራ ያለበት ሳህን ይሄድ ነበር። ለመቅመስ እንጀራ ለምን እንዳስፈለገ የጠየቀ የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መኝታ ክፍሎቹ፣ ልለፍ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወላጅ ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ መጡ። ልጃቸው በሐምሌ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይወስዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ሌሊት 10 ሰዓት ለሱሁር ሲነሱ ይረበሻል። ምክትሉ ሰው የሚያዳምጥ፣ ሥራ የማያሳድር ሰው ነበር። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለጾሙ ጊዜ ብቻ ሱሁር የሚበሉት ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ሌሎቹ ወደ ታችኛው ይዛወራሉ። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። የሚነሳው ይነሳል፣ የሚተኛው ይተኛል።

ድልድሉን የሠራው ግን በስም ዝርዝር ነው። ወሎ ውስጥ በስም ሃይማኖት መለየት! የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም፣ የአያቱ ተመልሶ የክርስቲያን የሆነበት ስንት አለ። አንዱ ተማሪ ፍራሹን ተሸክሞ ላይኛው ፎቅ ደርሶ ስሙ ሲጠራ "እኔ ሁዳዴ ነኝ" አለ። ሌላው ታች ተመድቦ ማታ ሶላቱን ሲሰግድ ተገኘ። ዝርዝሩ በእርሳስ እየታረመ ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዷን ሌሊት አልረሳትም። በጊቢው ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ እሑድ ብቻ ተሰጥቶ ይሰበሰባል። ስለዚህ ደውሎ የሚያነቃ ስልክ የለም። ደወል እንዳይደወል ደግሞ የታችኛው ፎቅ ይነቃል። በፕሮግራሙ መሠረት ተረኛው ፕሮክተር በየበሩ ያንኳኳል። ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ በየበሩ አንኳኳሁ። ከየክፍሉ "ነቅተናል ጋሼ!" የሚል ድምፅ መጣልኝ። አንደኛው ክፍል ውስጥ እንዲያውም "እየለበስን ነው" አሉኝ። ደሴና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው፤ የሌሊት 10 ሰዓቱ ብርድ ደግሞ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንጂ ከውጭ ሆኖ የሚመለሱለት ጥያቄ አይደለም። ልጆቹ በእንቅልፋቸው ነበር የሚመልሱልኝ። መመገቢያ አዳራሹ የመጡት ጥቂት ናቸው። ተመልሼ እስካዳርሳቸው ከከተማው መስጊዶች የሱብሒ አዛን ተሰማ። ቀሪዎቹ የነቁት በአዛኑ ነው፤ አዛኑ ደግሞ የሱሁር ማብቂያ ነው።

ምስሩ በድስቱ እንዳለ ቀረ። ልጆቹ ባዶ ሆዳቸውን ጾሙ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አንዱ ከሰልፉ መካከል ወደቀ። ነርሷ ውኃ ስታቀርብለት በእጁ አፉን ሸፈነ፤ ጥላ ሥር ተኝቶ እስኪሻለው ሁላችንም ከአጠገቡ ቆምን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ምክትሉ የየክፍሉን ተጠሪዎች ሰበሰበ። እውነቱ የወጣው እዚያ ነው። ከላይኛው ፎቅ ተጠሪዎች አንዱ ተነሳና ከታች የመጣውን ጓደኛውን እያመለከተ "እኔን ይቀሰቅሰኝ የነበረው እሱ ነው። ለፈተናው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያጠናው። በቃል አይደለም፣ ብርድ ልብሴን ገፎ ይዞብኝ ይሄዳል" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ለካ በየክፍሉ እንደዚሁ ነበር፤ ለፈተና ሌሊት የሚነሱት ክርስቲያኖች የሱሁር ቀስቃሾች ሆነው ነበር፤ ተረበሸ የተባለውም ልጅ ጭምር ከመካከላቸው ነበረ።

ያኛው ወዲያው ቀጠለ፦ "የእኔን ምሳስ ማን ይቀበልልኛል? እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ፣ አዳራሹ ደግሞ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚዘጋ፣ እሱ ነበር በካርዴ ተቀብሎ ሸፍኖ የሚያስቀምጥልኝ።"

በሰው የምግብ ካርድ መቀበል ክልክል ነው። ምግብ ማደሪያ ውስጥ ማስገባትም ክልክል ነው፤ አይጥ ያመጣል ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። ራሳቸው ሳይበሉ ለሌላው ሰልፍ የሚቆሙት ልጆች በቀን ሁለት ደንብ እየጣሱ ኖሯል። ልጁ ምን እንደተናገረ የገባው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው። ሁላችንም ወደ ምክትሉ አየን። ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ከዚያ "አዳራሹ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ክፍላችሁም እንደ ድሮው ይሆናል" አለ። ስለ ካርዱ ምንም አልተናገረም። እኔ ይህን ሰው የወደድኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያወጣውን ማስታወቂያ በተማሪ ፊት ማንሳት ለብዙ አለቃ ሞት ነው። አዲሱ ማስታወቂያ እስኪተየብ ግን ማን ጠበቀ? ማታ ለቁጥጥር ስወጣ ፍራሾቹ በየቦታቸው ተመልሰው ነበር።

ሚያዝያ 2 ዒድ አል ፈጥር ሆነ። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ረዳቷ እስከ ፋሲካ፣ እስከ ሚያዝያ 27፣ የምሳውን ጨው መቅመስ ትችላለች። ዘበኛው ግን በሰዓታቸው ወጥ ቤቱ ደጅ ተገኙ። "ጋሼ፣ አሁን እኮ ተፈትቷል" ዋናዋ ወጥ ሠሪ ብትላቸው "እሷ የምታውቀው ጨውን ነው፤ በርበሬውን ማን ያይላችኋል?" አሏት። ሳህናቸው ቀረበ።

በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ከዚያ በፊት በተደረገው ስብሰባ የክፍል ድልድል የሚለው አጀንዳ ተነሳና እንዳለ ይቀጥል ተብሎ ወዲያው ታለፈ። ብዙ ሰዓት የወሰደው የመጨረሻው አጀንዳ ነው፤ ዘበኛው ለቅምሻ ሥራቸው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲታሰብላቸው በጽሑፍ አመልክተው ነበር። የሂሳብ ሹሙ በየትኛው የበጀት ርእስ ይከፈል ብሎ ተሟገተ፣ ወጥ ሠሪዋ ደግሞ እንጀራውስ አይቆጠርም ወይ አለች፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።