የአንድ ዶላሩ ሳጥን

በ2013 እ.ኤ.አ. መጸው፣ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት የሜሪላንድ ከተማ፣ ያገለገሉ ሸክላዎችን ገዝቶ በሚሸጥ አነስተኛ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሰዎች የሚያመጧቸውን ሸክላዎች መመርመር፣ ጭረታቸውን አይቶ ዋጋ መተመንና በየመደባቸው መደርደር ነበር። ከአዲስ አበባ ይዤው ከመጣሁት ነገር ሁሉ እጅግ የምኮራበት የጃዝ ዕውቀቴ ስለነበር፣ አለቃዬ የጃዙን መደርደሪያ ለእኔ ሲተዉልኝ እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

እንደ ተሿሚም ወዲያው ወሰን ማስመር ጀመርኩ። መደርደሪያውን በሁለት የካርቶን ቁራጭ ከፍዬ በፊተኛው ላይ «ጃዝ»፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ በነበረው በኋለኛው ላይ ደግሞ «ስሙዝና ፊውዥን» ብዬ ጻፍኩ። ከኋለኛው ክፍል ሳይሸጥ የሰነበተው ሁሉ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠው የአንድ ዶላር ሳጥን ይወርድ ነበር። ፊውዥን ጃዝን ከሮክና ከሌላ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደ ስልት ነው፤ ስሙዝ ጃዝ፣ ማለትም ለስላሳው ጃዝ፣ ደግሞ ለእኔ በሆቴል አዳራሽ ሰው ወሬውን እያወራ የሚከፈት ሙዚቃ ነበር፤ ስለዚህ ሸክላውን አጫውቼ ለመስማት እንኳ ጊዜ አላጠፋሁበትም።

አንድ ቅዳሜ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሴት የሟች ባለቤታቸውን ሸክላዎች በአራት ካርቶን ይዘው መጡ። አለቃዬ ምሳ ወጥተው ነበር። የመጀመሪያውን ካርቶን ስከፍት ብሉ ኖት የተባለው ስመ ጥር የጃዝ አሳታሚ የመጀመሪያ ኅትመቶች እንደ ተራ መጽሐፍ ተደርድረው አየሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ግን እኔ ከስሙዙ ወገን የምመድባቸው ሳክስፎኒስቱ ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር፣ ጊታሪስቱ ጆርጅ ቤንሰንና ፒያኒስቱ ቦብ ጄምስ ነበሩ። እነዚህን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ፣ ሟቹን ያመሰገንኩ መስሎኝ፣ «ባለቤትዎ ይህን የሚያህል ጆሮ ይዘው እነዚህን የገዙት ለእንግዳ ብለው ይሆናል፤ ጃዝ እንኳ አይደሉም» አልኳቸው።

ሴትየዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እነዚያን የገዛኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የገፋኋቸውን ሸክላዎች ወደ ካርቶኑ እንድመልስ ነገሩኝና አራቱንም ካርቶኖች ራሴ ተሸክሜ መኪናቸው ውስጥ አስገባሁላቸው። ስልካቸውን የመቀበል ብልሃት እንኳ አልነበረኝም፤ ተመልሰውም አልመጡም።

አለቃዬ ታሪኩን ከእኔው ሲሰሙ አልጮኹም። ከሰኞ ጀምሮ ሱቁ ከመከፈቱ ከአንድ ሰዓት በፊት እንድመጣ፣ ከአንድ ዶላሩ ሳጥን አንድ ሸክላ መርጬ ሌላ ሥራ ሳልነካ ሁለቱንም ገጽ እንድሰማ፣ ማን እንደተጫወተ፣ የትና በማን እንደተቀረጸም በደብተር እንድጽፍ አዘዙኝ። ቅጣት መሆኑ ገብቶኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ያነሳሁት የግሮቨርን «ሚስተር ማጂክ» ነበር፤ በ1975 የወጣ፣ ማለትም «ስሙዝ ጃዝ» የሬዲዮ ጣቢያዎች መጠሪያ ከመሆኑ ከዓመታት በፊት የተሠራ ሸክላ ነው። ከበሮ መቺው ሃርቪ ሜሰን መሆኑን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም በ1973 በታላቁ የጃዝ ፒያኒስት በኸርቢ ሃንኮክ «ሄድ ኸንተርስ» ላይ ከበሮውን የመታው ይኸው ሰው ነበር፣ ያንን ሸክላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ፒያኖው እየጎረበጠኝም ቢሆን ለኸርቢ ስም ስል ከፊት አስቀምጬዋለሁ። ቀጥሎ ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብዬ፣ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት መስመር እስከ መሃሉ ወረቀት ባለው ባዶ ክብ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ተመለከትኩ፤ «ቫን ጌልደር» ይላል። በታኅሣሥ 1964 የታላቁን የጃዝ ሳክስፎኒስት የጆን ኮልትሬንን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» በኒው ጀርሲ ኢንግልዉድ ክሊፍስ በሚገኘው ስቱዲዮው የቀረጸው ሩዲ ቫን ጌልደር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው ስቱዲዮ ግሮቨርንም ቀርጾታል። እኔ አንዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ሌላውን ወለል ላይ ጥዬዋለሁ።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ፊውዥንንና ስሙዝን በአንድ ካርቶን ጽሑፍ ማሰሬ ራሱ ስንፍና እንደነበረ ታየኝ። በ1971 የተመሠረተው የፊውዥን ቡድን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ጆሮ የሚፈትን ጩኸትና የተወሳሰበ ምት እንጂ አንዳች ለስላሳ ነገር የለውም፤ ከግሮቨር ጋር ያጎራበትኩት ሁለቱንም ባለመስማቴ ብቻ ነበር። ከሳጥኑ የሰማሁት ሁሉ ግን ወርቅ ሆኖ አልተገኘም። የከበሮ ማሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ የሚሄድባቸው፣ ሳክስፎኒስቱ አንዴም ሊሳሳት ወደሚችልበት ቦታ የማይደፍርባቸው ብዙ ሸክላዎች ነበሩ፤ ይህንንም ጻፍኩ። አለቃዬ ሲያነቡት፣ «ይህማ የሰማ ሰው ጥላቻ ነው» ብለው አለፉት።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ከዚያው ወቅት የመጣ ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያዊው ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን የሠራው ካሴት በዚያው በ2013 በሸክላ እንደገና ታትሞ ወጣ፤ እርሱ ራሱ በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጥብቅ የጃዝ ሰዎች የምላቸው ደንበኞቼ ሳይቀሩ ገዙት። እኔም ከሙላቱ አስታጥቄ ጎን፣ «ጃዝ» ከሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊት አቆምኩት። አለቃዬ የኃይሉን ሽፋን አንስተው ጀርባውን አነበቡና፣ «ሲንተሳይዘር፣ ከበሮ ማሽን፤ ይህ ለምን ከኋላ አልሆነም?» ብለው ጠየቁኝ። የቅኝቶቻችንን ነገር ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። የሙላቱም ሥራ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐደ መሆኑ፣ ማለትም በኋለኛው ካርቶን ላይ በጻፍኩት ቃል ሊጠራ የሚችል መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን መልሼ ዘጋሁ። እውነተኛው መልስ ያገሬ ሰዎች ናቸው የሚለው ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱንም ካርቶኖች አውጥቼ ጣልኩና ጃዙን በሙሉ በእንግሊዝኛው የፊደል ቅደም ተከተል ደረደርኩት። የስሙዝ ጃዙን ሳክስፎኒስት ኬኒ ጂን ሦስት ማለዳ ሰምቼው ሦስቱንም ጊዜ አልወደድኩትም፤ ሆኖም የ1986ቱ «ዱዎቶንስ» ከጂ ፊደል መጀመሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ስመ ጥሩው የጃዝ ፒያኒስት ኤሮል ጋርነርም ከኋላው ሆነ። በዚያው ሳምንት አንድ የቆየ ደንበኛችን ሽፋኑን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ይህን ሰው ከጋርነር ፊት ያቆመው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊደሉ መሆኑን ነገርኩትና ሰምቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሸክላውን ወደ ቦታው መለሰው።