የካራቫን ጎረቤት፦ ሰላምታ ሰዓት አለው

በብሪታንያ የካራቫን ሳይቶች፣ ማለትም በመኪና የሚጎተቱ የጉዞ ቤቶች በሚያርፉባቸው ሜዳዎች፣ ሰው ከሰው ቶሎ ይግባባል። ለንደን ወይም ሊድስ ውስጥ የጎረቤቱን ስም ለዓመታት ሳያውቅ የኖረ ሰው፣ ካራቫኑን ሣሩ ላይ ባቆመ በሰዓታት ውስጥ ከአጠገቡ ቤተሰብ ጋር ወሬ ይጀምራል። ውሃው ከጋራ ቧንቧ ይቀዳል፣ ዕቃው በጋራ ማጠቢያ ይታጠባል፣ ሁሉም ደጅ ይቀመጣል። ታዲያ ወዳጅነቱ ሰዓት አለው። ያለ ሰዓቱ የመጣ ሰላምታ ሰው ያስቸግራል፣ አንዳንዴም አደጋ ያመጣል።

ከአደጋው ልጀምር። ካራቫን ከመኪና ጋር የሚያያዘው በቅደም ተከተል ነው። ጋዙና የጣሪያው መስኮቶች ይዘጋሉ፣ ከሳይቱ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ገመድ ይነቀላል፣ አራቱ የማዕዘን እግሮች ወደ ላይ ይጠመዘዛሉ። ከዚያ የካራቫኑ መያዣ በመኪናው የኋላ መጎተቻ ኳስ ላይ ወርዶ ይቆለፋል፣ የአደጋ ጊዜ የፍሬን ገመዱ ይታሰራል፣ የካራቫኑን መብራቶች ከመኪናው የሚያገናኘው ባለ 13 ፒኑ ሶኬት ይሰካል፣ የፊቷ ትንሽ ጎማ ተነስታ ጠበቅ ተደርጋ ትታሰራለች፣ በመጨረሻም የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። በዚህ መሀል «ልትሄዱ ነው እንዴ? ቀጥሎ ወዴት ናችሁ?» እያለ የመጣ ደግ ጎረቤት፣ ባለቤቱን ከነዚህ አንዱን ያዘልለዋል። እግሩ ሳይነሳ ከተነዳ ይጣመማል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይነቀል ከተነዳ ሶኬቱ ይገነጠላል። የፍሬን ገመዱ ከተረሳ ደግሞ፣ ካራቫኑ መንገድ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዝለት ነገር አይኖርም። ስለዚህ በሚያያይዝ ሰው ላይ ከሩቅ እጅ ማውለብለብ ይበቃል።

ሲጨርሱ ግን አንድ ትልቅ ውለታ አለ፦ «መብራቱን ልይላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ከካራቫኑ ኋላ፣ ሾፌሩ በመስታወት በሚያያችሁ ጎን በኩል ቁሙ። መስታወቱ ካልታያችሁ እሱም አያያችሁም። እሱ የግራ ፍሬቻ፣ የቀኝ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ ፍሬን እያለ በተራ ሲያበራ፣ እናንተ ለእያንዳንዱ አውራ ጣት ታሳያላችሁ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከበሩ ሥር የተረሳች መውጫ ደረጃ ካለችም ያኔ ጠቁሙት።

ሰው ሲገባም ያው ነው። ወደ ኋላ እየነዳ ላለ ሰው አመልካች አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው በሁለት አቅጣጫ እጁን ሲያወዛውዝ ካራቫኑ አጥር ላይ ያርፋል። ካቆመም በኋላ መጀመሪያ ካራቫኑ ወደ ጎን እንዳያዘነብል ማስተካከል፣ ቀጥሎ በፊቷ ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማስተካከል፣ ከዚያ እግሮቹን ማውረድ አለበት። ሰላምታችሁን እስከዚያ አቆዩት።

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በኤሌክትሪኩ ነው። የገመዱ ሰማያዊ ሶኬት ሳይቱ ኤሌክትሪክ በሚሰጥበት ምሰሶ ላይ ተሰክቶ መብራት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ሳይጠመዘዝ ቀርቶ ነው። ሲነቀል ደግሞ ቀዩ ቁልፍ ይጫናል። በብዙ ሳይቶች የሚሰጠው 16 አምፒር፣ ማለትም ወደ 3,600 ዋት ገደማ ነው። የቤት ማንቆርቆሪያና ማሞቂያ አብረው ከበሩ መቁረጫው ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት በሁለት ደቂቃ ወዳጅ ያፈራል። የምሰሶው ሳጥን የተቆለፈ ከሆነ ግን ዋርደኑን (የሳይቱን ኃላፊ) መጥራት እንጂ መነካካት አይገባም።

ድንበርም አለ። በካራቫኖች መካከል 6 ሜትር የሚተወው እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ነው። ያ ክፍት ሣር ግን መተላለፊያ አይደለም። በሰው ቦታ አቋርጦ ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድ ብሪታንያውያንን ከምንም በላይ ቅር ያሰኛል፤ ለልጆች ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው። የካራቫኑን ሽንት ቤት ሳጥን ሊደፋ እየጎተተ የሚሄድን ሰው ደግሞ አታስቁሙት፤ አንገት ነቅነቅ ይበቃል።

የወሬ መጀመሪያው አየሩና መንገዱ ነው። «ከየት መጣችሁ?» ሲሏችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ዛሬ ከየትኛው ከተማ እንደተነሳችሁ መጠየቃቸው ነው፤ «ከበርሚንግሃም፣ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር» ብሎ መመለስ ወሬውን ያስቀጥላል። ውሻ ካላቸው የውሻውን ስም ጠይቁ። ደመወዝ፣ ትዳር፣ ልጅ አለመውለድ አይነሱ። «በሉ አላስቸግራችሁ» ካሉ ወሬው አልቋል ማለት ነው፤ በክብር መሸኘት ነው።

ቡና የምንወድ ደግሞ ከሁሉ የላቀ መጥሪያ በእጃችን አለ። ብዙ ብሪታንያውያን ሲመሽ ቡና ስለማይጠጡ ረፋዱ ላይ ጥሯቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚወስድ፣ ከመጀመሪያው ስኒ በኋላ መነሳትም ነውር እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው እየተጨነቁ ይጠጣሉ። ሲቆላ ጭሱ ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይነፍስ ነፋሱን እዩ።

ከሰሉን በተመለከተ ግን ምንም ድርድር የለም። ዝናብ መጣ ብላችሁ ምድጃውን ከካራቫኑ ጎን ወደተዘረጋው ዳስ አታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ነበልባሉ የጠፋ፣ እየበረደ ያለ ከሰልም ያመነጨዋል። በዚህ መንገድ ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች አሉ። ጎረቤት እንዲህ ሲያደርግ ካያችሁ፣ እዚያ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ሂዱና አስወጡት። ዳስ ውስጥ ጀበናን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ይቻላል፤ ከሰል ግን ሣሩን እንዳያቃጥል ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ደጅ ብቻ ነው።

ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ የሳይቱን መጠን አስቡበት። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሕግ መሠረት የካራቫን ክለቦች ለአባሎቻቸው ቢበዛ 5 ካራቫን የሚይዙ ትንንሽ ሳይቶችን መፍቀድ ይችላሉ። አብዛኞቹ በእርሻ ጥግ ያሉ፣ ጸጥታ የሚፈለግባቸው ናቸው። እናንተ ሦስት ከሆናችሁ፣ የቀሩት ሁለቱ በእናንተ ድምፅ ውስጥ ያድራሉ። ስትደርሱ ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ወንበሮቹን ከእነሱ በራቀው ጎን ክበቡ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የካራቫን ግድግዳ ስስ ነው፤ የመኪና በር ሲዘጋ እንኳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።