ሳም ክሮፎርድና 309ኙ ሩጫዎቹ

ዛሬ ከሥራ መልስ አመሻሹን ያሳለፍኩት ከመቶ ዓመት በፊት የቤዝቦል የውጭ ሜዳ ተጫዋች (በሜዳው ሩቅ ክፍል ቆሞ የተመቱ ኳሶችን የሚይዝ) ስለነበረው ሳም ክሮፎርድ በማንበብ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ዋሁ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ የፀጉር አስተካካይነት ሙያ ሲማር ቆይቶ፣ ከ1899 እስከ 1917 በመጀመሪያ ለሲንሲናቲ ቀጥሎም ለዲትሮይት ቡድን ተጫውቷል። ኳስ መትቶ በአንድ ትንፋሽ እስከ ሦስተኛው ቤዝ (መቺው ዞሮ ከሚነካቸው አራት የሜዳ ማዕዘኖች ሦስተኛው) መሮጥ 309 ጊዜ ተሳክቶለታል፤ በዚያ ዘመን ኳሷ እንደ አሁኑ ርቃ ስለማትበርና ሜዳዎቹም ሰፋፊ ስለነበሩ ኃይለኛ መቺ ዋጋውን የሚያገኘው በእግሩ ጭምር ነበር፤ ስለዚህ ይህ ክብረ ወሰን ወደፊትም የሚሰበር አይመስለኝም። ዲትሮይት ከ1907 እስከ 1909 በተከታታይ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ከዲትሮይት ቡድን ጓደኛው ከታይ ኮብ ጋር የነበረው ነገር ነው። ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ቢሰለፉም አይዋደዱም ነበር (ኮብን የሚወድ የቡድን ጓደኛ ማግኘትም ቀላል አልነበረም)። ክሮፎርድ በ1957 በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ፤ ኮብ ይህ እንዲሆን ለተሰሚ ሰዎች ብዙ ደብዳቤ ይጽፍ እንደነበር የታወቀው ግን በ1961 ከሞተ በኋላ ነው።