ፓንት፣ ቺፕስ እና የእማማ ሻይ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛ ሳምንቴ ሥራ አገኘሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ካፍቴሪያ ነው። ማናጀሩ ደግ ሰውዬ ነበር። ወረቀቱን አስፈርሞኝ ሲያበቃ «ነገ ስትመጪ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ፓንት ልበሺ» አለኝ። ደነገጥኩ። ሸሚዙስ እሺ፣ ፓንቴን ምን አገባው? ደግሞስ ጥቁር መሆኑን በምን ሊያውቅ ነው? ቤት ገብቼ አብራኝ ለምትኖረው ልጅ እያፈርኩ ነገርኳት። ሶፋው ላይ በሳቅ ተንከባለለች። «አንቺ፣ ሱሪ ማለቱ እኮ ነው!»

አዲስ አበባ ላይ ፓንት ከሱሪ ሥር የሚለበሰው ነው። በዚህ ነገር ጥርጣሬ ኖሮኝ አያውቅም። አሜሪካ ግን ሱሪው ራሱ ፓንት ነው። እሺ ብዬ ለመድኩት።

ሜሪላንድ 11 ዓመት ኖርኩ። ከዚያ ተጋባንና ባሌ ወደሚኖርበት ለንደን ሄድኩ። ቋንቋ ያስቸግረኛል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። እንግሊዝኛዬን ይዤ ነው የሄድኩት። ችግሩም እሱ ሆነ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ ጭኔ ላይ ፈሰሰብኝ። ሰው ሞልቷል። ጮክ ብዬ «ፓንቴ ረጥቧል፣ ሄጄ ልቀይር» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ጃማይካዊት ባልደረባዬ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «ትራውዘርስ በይ፣ እህቴ» አለችኝ። ለካ እንግሊዞቹ ፓንት የሚሉት እኛ ፓንት የምንለውን ነው! አሜሪካ ስንት ጊዜ ተሳስቼ፣ ተስቆብኝ የተውኩት የአዲስ አበባ ፓንት ለንደን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ነቃ። በየዕለቱ አማርኛ ውስጥ የምናስገባቸውን ቃላት እያነሳሁ መመዘን ጀመርኩ። ሊፍት እንላለን። አሜሪካኖቹ ኤሌቬተር ነው የሚሉት፣ እንግሊዞቹ ሊፍት። ሞባይል እንላለን። አሜሪካ ሴል ፎን፣ እንግሊዝ ሞባይል። ጣታችን ሲቆረጥ ፕላስተር እንለጥፋለን። አሜሪካ ፕላስተር አምጡልኝ ብትሉ የግድግዳ ልስን ነው የሚመጣላችሁ፤ ቁስል ላይ የሚለጠፈውን ባንድ ኤይድ ነው የሚሉት። ለንደን ፕላስተር ፕላስተር ነው።

ብስኩትም እንደዚሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ መንገድ ላይ ቁርስ ልንበላ ቆመን፣ ሜኑው ላይ ቢስኪት የሚል አየሁና ከሻይ ጋር አዘዝኩ። ሻይ ውስጥ ልነክረው ነበር ሐሳቤ። የመጣልኝ ለስላሳ ትኩስ ዳቦ ነው፣ ጨው ጨው የሚል፣ ላዩ ላይ ነጭ ወፍራም መረቅ የተደፋበት። ለንደን ግን ቢስኪት ካልኩ የማውቀው ደረቁ ብስኩት ይመጣል። ሻይ ውስጥ መንከርም ነውር አይደለም። እንዲያውም ሳይነክር የሚበላ ሰው ብዙም አላየሁም።

ፎቅ አቆጣጠሩን ደግሞ የተማርኩት ለንደን በደረስኩበት ቀን ነው። ባሌ ሥራ ላይ ስለነበር «ፈርስት ፍሎር፣ በግራ በኩል፣ ቁልፉ ምንጣፉ ሥር ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አሜሪካ ፈርስት ፍሎር ማለት መሬት ያለው ነው። ሦስት ሻንጣ እየጎተትኩ ገባሁ። በግራ በኩል ምንጣፍ አለ፣ ቁልፍ የለም። አንኳኳሁ። ፎጣ ያገለደመ ሰውዬ ከፈተልኝ። ሁለታችንም ይቅርታ ጠየቅን። እሱ የጠየቀበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም፣ ግን እዚህ አገር የበደሉት ሰውም ቢሆን ሶሪ ይላችኋል። ማታ ለባሌ ስነግረው «ጂ+4 ከሚባልበት አገር መጥተሽ እንዴት ይጠፋሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ግራውንድ ግራውንድ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ከሱ በላይ ያለው ነው። ልክ እንደ እንግሊዝ።

ሁሉም ነገር ግን ለእንግሊዝ አያዳላም። ጉሊት ዝኩኒ ስንገዛ የምንጠቀመው ቃል ከጣሊያን የመጣ ነው። አሜሪካኖቹም የወሰዱት ከጣሊያን ነው፣ ዙኪኒ ይላሉ። እንግሊዞቹ ከፈረንሳይ ወስደው ኮርዤት ይሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ዙኪኒ የት ነው ብዬ ስጠይቅ ልጁ ግራ ገባው። ደበርጃንን ደግሞ አሜሪካኖቹ የእንቁላል ተክል የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ድሮ ነጭና ክብ የሆነው ዓይነት እንቁላል ስለሚመስል ነው። እንግሊዞቹ ኦበርጂን ይሉታል። ይሄኛው ቃል ወደ ኋላ ሲጎተት በፈረንሳይና በካታላን አድርጎ ዐረብኛው ባዚንጃን ጋ ይደርሳል። ደበርጃን፣ ባዚንጃን፣ ኦበርጂን እያላችሁ ደጋግሙት። እህትማማቾች ናቸው።

ድንብላል ግን አስለቅሶኛል። አሜሪካ ቅጠሉ ሲላንትሮ፣ ፍሬው ኮሪያንደር ነው። ለሽሮ የሚሆን ድንብላል ፈልጌ በስልክ ኮሪያንደር ብዬ አዘዝኩ። እንግሊዝ ቅጠሉም ፍሬውም አንድ ስም ነው ያለው። አራት እስር እርጥብ ቅጠል በር ላይ ደረሰልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላጣ በላን።

እንቁላልም ፍሪጅ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። አሜሪካ ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚሸጠው። እንግሊዝ ለገበያ የሚቀርበውን እንቁላል ማጠብ አይፈቀድም፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው የተፈጥሮ ሽፋን እንዳይነሳ ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። አንዳንዴ ላባ ተጣብቆበት ሳገኝ የሰፈራችን ሱቅ ትዝ ይለኛል።

የገንዘቡን ነገር ብዙ አላወራም። አሜሪካ ዕቃው ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክሱን አይጨምርም፣ ለንደን ይጨምራል። አሜሪካ አስተናጋጅ 20 ፐርሰንት ካልሰጣችሁት ዓይኑን ማየት ያሳፍራል፤ ለንደን ብዙ ጊዜ 12.5 ፐርሰንት ሂሳቡ ላይ ራሳቸው ጽፈው ያመጡላችኋል። ለስላሳ ግን በነጻ ደጋግመው አይሞሉላችሁም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፣ ኬር ሆም የሚሉት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አድርሰን ስንጨርስ ምግብ አብሳዩ ለሠራተኞች የተረፈውን አወጣልን። አሳማ እንደማልበላ ያውቃል። ሳህኔ ላይ እንቁላል፣ የተጠበሰ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ቦሎቄ በስጎ አደረገልኝ። ቦሎቄ ለቁርስ መብላታቸውን ወድጄላቸዋለሁ፤ ፉል ለለመደ ሰው ምንም አይደንቅም። ጎን ላይ ጥቁር ጥቁር ክብ ነገሮች ተደርድረዋል። ምንድን ነው አልኩ። «ብላክ ፑዲንግ» አለኝ ጀርባውን ሳያዞር።

አሜሪካ ፑዲንግ ማለት በወተት የሚሠራ፣ በማንኪያ የሚበላ ለስላሳ ጣፋጭ ነው። የቸኮሌቱ ጥቁር ነው። እንግዲህ ይሄ የደረቀ ቸኮሌት ይሆናል ብዬ አንዱን አንስቼ ገመጥኩት። ጣፋጭ አይደለም። ጨው አለው፣ ውስጡ እንደ ቅንጬ ይላል። አኝኬ ሳልጨርስ ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። «ከአሳማ ደም፣ ከአጃና ከስብ» አለኝ፣ እንደ ሰላምታ ቀለል አድርጎ።

አሳማም ደምም። በአንድ ጉርሻ ሁለት ኃጢአት።

አፌን ስንት ጊዜ እንደተጉመጠመጥኩ አልቆጠርኩም። ማታ ሜሪላንድ ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሳታውቂ ነው ብለው አጽናኑኝ፣ ጥቂት ስግደትም አዘዙኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል «ለመሆኑ ልጄ» አሉኝ፣ «ቸኮሌት ይመስላል?» ይመስላል አባ፣ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ፑዲንግ የሚባል ነገር ሳይመረመር አፌ አይገባም። እንግሊዝ ከምግብ በኋላ የሚመጣው ጣፋጭ ሁሉ ፑዲንግ ይባላል፣ ኬክም ይሁን አይስክሬም። ዮርክሻየር ፑዲንግ ደግሞ ጣፋጭም አይደለም፤ ከጥብስ ሥጋና ከመረቅ ጋር የሚበላ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ዳቦ ነገር ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሚንስ ፓይ አመጡልኝ። ሚንስ እዚህ የተፈጨ ሥጋ ነው። ጾም ላይ ነኝ፣ ሥጋ አልበላም አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሥጋ የለውም፣ ዘቢብና ቅመም ነው አሉ። ድሮ ድሮ ሥጋ ይገባበት ነበር፣ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ደስ ብሎኝ ላነሳ ስል ብላክ ፑዲንጉ ትዝ አለኝና ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩ። ቅቤ አለው። መለስኩት። እኛ ገና አክብረን ስንፈስክ የነሱ በዓል 13 ቀን ካለፈው በኋላ ነው፤ ሱቅ ብሄድ ያው ሚንስ ፓይ በግማሽ ዋጋ ተከምሯል።

ይሄ ሁሉ የሚያስቅ ነው። የሻዩ ነገር ግን እንደሱ አይደለም።

ከምንከባከባቸው መካከል ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ። ዮርክሻየር ነው የተወለዱት። በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ የአገሩ ደንብ ነው፣ በልቤ ግን እማማ ነው የምላቸው። እሳቸው ላቭ ይሉኛል። ፍቅሬ እንደማለት ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌርም ይላችኋል፣ ልባችሁ እንዳይመታ።

በመጀመሪያው ቀን ቀትር ካለፈ በኋላ ክፍላቸው ገባሁ። ምሳ በልተዋል ወይ ስላቸው «ዲነሬን በልቻለሁ» አሉኝ። ዲነር እራት ነው ብዬ ነው የማውቀው። ቀኑ የዞረባቸው መሰለኝ።

5 ሰዓት ላይ፣ በእኛ 11 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ደወሉ። «ሻዬ ደርሷል፣ ላቭ?» በወተት፣ ያለ ስኳር አድርጌ፣ ሁለት ብስኩት ጎን አስቀምጬ ወሰድኩላቸው። አመስግነው ጠጡ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ እንደገና ደወሉ። «ሻዬስ?» ወይ እርጅና፣ አልኩ በልቤ። ሥልጠናው ላይ ከሚረሳ ሰው ጋር አትከራከሩ ተብለናል። ምንም ሳልል ሁለተኛ ስኒ አመጣሁ። እንዲያውም በትዕግሥቴ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ስኒውን ፊታቸው ሳስቀምጥ አልነኩትም። ስኒውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ላቭ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርቦኛል።»

በዚያው ቅጽበት ያቺ ጃማይካዊት ትሪ ይዛ ገባች። የተፈጨ ድንች፣ ዓሣ፣ አተር። ትሪው ኩሽና ውስጥ እኔን ሲጠብቅ ቆይቶ ነው። «የሳቸውን ሻይ ለምን እስካሁን አልወሰድሽም?» አለችኝ። የእማማ ሻይ ሳህን ላይ ነበር።

በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ሰው ቤት የቀትሩ ምግብ ዲነር፣ የማታው ደግሞ ሻይ ነው የሚባለው። ሙሉ እራት ነው፣ ስሙ ነው ሻይ። እማማ አንድም ነገር አልረሱም። ቀኑም አልዞረባቸውም።

የቀን መዝገባቸው ላይ ከሰዓት በኋላ «ግራ መጋባት ይታይባቸዋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ከመውጣቴ በፊት ተመልሼ አንድ መስመር አሰመርኩበትና ከጎኑ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ሻይ ሲሉኝ በእጃቸው ያሳዩኝ ጀመር። ጣታቸውን እንደ ስኒ ጆሮ ካጠፉት የሚጠጣው ነው። እንደ ሹካ ወደ አፋቸው ካመጡት የሚበላው ነው። እኔም ጠዋት ስገባ «ዩ ኦልራይት?» ስባል መደንገጥ ትቻለሁ። አሜሪካ ይሄን ሲሉኝ የታመምኩ እመስላለሁ ማለት ነበር። እዚህ ደህና ነሽ? ነው፣ በቃ። የተጠየቀውም ሰው ደህና ነሽ ብሎ ይመልሳል፣ ያልፋል። ከእኛ ሰላምታ ምን ይለያል?

ባለፈው በጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። ያቺ በፓንቴ የሳቀችብኝ ልጅ ምሳ ጋበዘችኝ። አስተናጋጇ ስትመጣ ተዝናንቼ «በርገርና ቺፕስ» አልኩ። በርገሬ መጣ፣ አጠገቡ የታሸገ ደረቅ ድንች በፌስታሉ ተቀምጧል። ለካ ቺፕስ አሜሪካ እሱ ነው፤ ትኩሱ ፍራይስ ነው። ፌስታሉን እያገላበጥኩ ሳይ ጓደኛዬ በሳቅ ዕንባዋ መጣ።

«ድንች ጥብስ በይ» አለችኝ፣ «እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»